የምንወደው ፊልም አዲስ ክፍል ሲመጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ፊልም ይወዳሉ። ደጋግመው ከማየትዎ የተነሣ የትኛው ንግግር የትኛውን እንደሚከተል በቃልዎ ይዘውታል። ከዓመታት በኋላ አዲስ ክፍል ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ይሰማሉ። ደስ ይልዎታል፤ ደስታው ሳይበርድ ደግሞ «ምነው ባይነኩት» የሚል ስጋት ይገባዎታል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ስሜት ዙሪያ ደጋግመው የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የአንድ ተመልካች መልሶች ስለሆኑ አድልዎ አለባቸው፤ ልደብቀውም አልሞከርኩም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የቆዩ ፊልሞችን መጨረሻ ሳላመነታ ስለምናገር፣ ያላዩት ካለ ከወዲሁ ይጠንቀቁ።

አዲሱን ክፍል አይቼ ወጣሁ። ወደድኩትም ጠላሁትም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ምን ሆኜ ነው?

ደህና ነዎት። የራሴን ላጫውትዎ። በ2015 መጨረሻ የ«ስታር ዋርስ» ሰባተኛ ክፍል ሲወጣ ሲኒማ ቤት ገባሁ። ቢጫው ጽሑፍ ከታች ወደ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ እንደ ሕፃን አፍንጫውን ሲስብ ይሰማኛል። አሮጌዋ የጠፈር መርከብ በረሃ ላይ ሸራ ለብሳ ብቅ ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ጥቂት ቆይቶ ጠላት ዓለማትን የሚያፈነዳ ግዙፍ መሣሪያ እንዳለው ታወቀ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በመጀመሪያው ፊልም ወድሟል። በ1983ቱ ፊልም ሌላ ተሠርቶ እሱም ወድሟል። አሁን ደግሞ ይኸው ሦስተኛው፣ ከሁለቱም የገዘፈ። መዳፌ ከጭብጨባው ሳይቀዘቅዝ ሆዴ ቅር አለው።

ሁለቱም ስሜቶች የእውነት ነበሩ። ያጨበጨበው በልጅነቱ የሚያውቃትን መርከብ ያየው ሰውዬ ነው፤ ቅር ያለው አዲስ ታሪክ ልስማ ብሎ የገባው። ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው ችግሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳስተዋሉት፣ ሰው ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ያለፈበት ነገር ከሌላው የሕይወቱ ዘመን ይልቅ ጎልቶ ይታወሰዋል። ብዙዎቻችን የምንወደውን ፊልም ያየነው በዚያው ዕድሜ ነው። እናም አዲሱ ክፍል ከድሮው ፊልም ጋር ሲወዳደር፣ ያን ጊዜ አጠገባችን ከተቀመጠው ሰውና ከነበረን ጉልበት ጋር አብሮ ይወዳደራል። ይህን ውድድር ያሸነፈ ዳይሬክተር ጥቂት ነው።

ተከታይ ክፍል፣ ቅድመ ታሪክ፣ ዳግም ሥራ እየተባለ ይደበላለቅብኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ተከታይ ክፍል ታሪኩን ካቆመበት ይቀጥላል። ቅድመ ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ከመጀመሪያው ፊልም በፊት የሆነውን ይተርካል። ዳግም ሥራ ያንኑ ታሪክ በሌሎች ተዋናዮች እንደገና ይሠራል። የቀድሞዎቹን ክፍሎች እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከዜሮ የሚጀምርም አለ። እዚህ የምናወራው በአመዛኙ ስለ መጀመሪያው ነው፤ በተለይ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ድንገት በር ስለሚያንኳኳው።

«ሁለተኛ ክፍል ጥሩ ሆኖ አያውቅም» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

ይህ አባባል ከሲኒማ በሦስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስፔናዊው ደራሲ ሚጌል ደ ሰርቫንተስ «ዶን ኪኾቴ»ን በ1605 አሳተመ። መጽሐፉ ተወደደ። በ1614 አቬያኔዳ በሚል የብዕር ስም የተደበቀ አንድ ሰው የራሱን «ሁለተኛ ክፍል» ጽፎ አወጣ። ሰርቫንተስ በዓመቱ በ1615 እውነተኛውን ሁለተኛ ክፍል ይዞ ቀረበ፤ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ተቀምጠው «ሁለተኛ ክፍል ጥሩ ሆኖ አያውቅም» ስለሚለው ነገር ሲወያዩ እናገኛቸዋለን። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሆነው! ብዙ አንባቢዎች ደግሞ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላሉ።

በፊልምም ቢሆን አባባሉ አያስኬድም። በ1974 የወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ክፍል ሁለት የምርጥ ፊልም ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ተከታይ ክፍል ነው። የ1980ው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል፣ የ1986ቱ «ኤሊየንስ»፣ የ1991ዱ «ተርሚኔተር 2» ሁሉም ሁለተኛ ናቸው፤ ሦስቱንም ከመጀመሪያው የሚያስበልጥ ሰው ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንዲያውም ሁለተኛ ክፍል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ማን ማን እንደሆነ በማስተዋወቅ ጊዜ አያጠፋም።

በሌላ ወገን «ጆውስ» አለ። በ1975 አንድ ሻርክ፣ አንድ የባሕር ዳርቻ፣ ሦስት ሰዎች በአንዲት ጀልባ ላይ ነበሩ። በ1987 አራተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ሻርክ ቂም ይዞ አንድን ቤተሰብ እየመረጠ ሲበቀል እናያለን። ዓሣ ቂም ያዘ!

በእኔ አስተያየት ቁጥሩን መቁጠር የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ የቀደመው ክፍል «ይቀጥላል» ብሎ ነበር ወይስ «አለቀ» ብሎ? ጣጣው የሚጀምረው «አለቀ» የተባለውን ሲቀጥሉት ነው።

ካለቀ ለምን ይቀጥሉታል? ገንዘብ ነው አይደል?

በብዛት አዎ። ዲስኒ በ2012 የ«ስታር ዋርስ»ን ባለቤት ሉካስፊልምን ሲገዛ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ድርጅት ታሪኩ በ1983 አምሮበት ተጠናቋል ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከሦስት ዓመት በኋላ ያወጣው የመጀመሪያ ክፍል ብቻውን በዓለም ዙሪያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ማንም የማያውቀውን ፊልም ለማስተዋወቅ ብዙ ይወጣል፤ የታወቀውን ግን ስሙ ራሱ ያስተዋውቀዋል።

ግን ሁሉንም በገንዘብ መፍታት ስንፍና ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር የ«ማድ ማክስ»ን ሦስተኛ ክፍል በ1985 አውጥቶ አራተኛውን በ2015 ሲያወጣ 70 ዓመቱ ነበር። ያን ፊልም ያየ ሰው የጡረታ ገንዘብ ፈልጎ ነው አይልም። ስድስት ኦስካር ወሰደ።

ማስታወቂያውን አይቼ አለቀስኩ፤ ፊልሙ ግን ደረቅ ሆነብኝ። ተታልዬ ነው?

በጥቂቱ። ማስታወቂያውን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነባብሩት ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች እንጂ ዳይሬክተሩ አይደለም። የድሮውን ዜማ በፒያኖ ቀስ አድርገው ያስገቡታል፤ የሚታወቅ ኮፍያ ወይም የተቧጨረ የራስ ቁር ያሳዩና ጨለማ ያደርጉታል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የራስዎን ትዝታ ለራስዎ መልሰው ይሸጡልዎታል። ፊልሙ ግን ሁለት ሰዓት ነው፤ ያን ያህል ሰዓት በትዝታ ብቻ አይሞላም።

የድሮው ፊልም እኮ የትም አልሄደም። ቤት ገብቶ መክፈት ነው። ስለ አዲሱ መናደድ ምን ይባላል?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ያላበዱ፣ የተረጋጉ ሰዎች ናቸው። ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስለ ቀሪው ግማሽ በሰፊው ልናገር፤ የዚህ ሁሉ ነገር እምብርት እዚህ ነውና።

አንደኛ፣ አንዳንድ ጊዜ የድሮው ፊልም በእርግጥም ሄዷል። ጆርጅ ሉካስ በ1997 የመጀመሪያዎቹን ሦስት የ«ስታር ዋርስ» ክፍሎች አዳዲስ ምስሎች ጨምሮ፣ አንዳንድ ትዕይንቶችን ቀይሮ እንደገና ለሲኒማ ቤት አቀረባቸው። ከዚያ ወዲህ በይፋ የሚሸጠው በአመዛኙ የተቀየረው ቅጂ ነው። በልጅነቱ ያየውን ትክክለኛ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ያረጀ የቪዲዮ ካሴት ሲያሳድድ ይገኛል። እኔ ጋር የነበረው ካሴት አንድ ቦታ ላይ በስክሪኑ መሃል ነጭ መስመር ያልፍበት ነበር፤ ዛሬ ያን ትዕይንት በጠራ ምስል ሳየው መስመሩ የታለ እላለሁ።

ሁለተኛና ዋናው፦ ፊልሙ አለ፤ መጨረሻው ግን የለም። የ1986ቱን «ኤሊየንስ» ያስታውሱ። ሪፕሊ የምትባለው ሴት ከሞት አምልጣ ወደ መርከቧ ልትሮጥ ስትችል፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ውስጥ ቀርታለችና እሳቱን ሰንጥቃ ወደ ጭራቁ ጎሬ ትመለሳለች። ልጅቷን ታገኛታለች። በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ ለረጅሙ ጉዞ ወደ መኝታ ሣጥናቸው ሲገቡ ልጅቷ ስለ ሕልም ትጠይቃታለች፤ ሴትዮዋም ታረጋጋታለች። መብራት ይጠፋል። ተመልካችም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ልጅቷ ተርፋለች።

በ1992 ሦስተኛው ክፍል ወጣ። የተዋናዮቹ ስም ገና በስክሪኑ ላይ እየተነበበ መርከቧ ትወድቃለች፤ ልጅቷም ከእነርሱ ጋር የተረፈው ወታደርም በተኙበት ይሞታሉ። አንድ ሙሉ ፊልም የተደከመበት ነገር ታሪኩ በቅጡ ሳይጀመር ተሰረዘ። አሁን ሁለተኛውን ፊልም ስከፍት ካሴቱ ያው ነው፤ ምስሉ ያው ነው። ነገር ግን ሪፕሊ እሳቱን ሰንጥቃ ስትመለስ እኔ የማውቀውን አታውቅም። ያን እውቀት ከአእምሮዬ የሚያወጣልኝ የለም። ሰዎች «ልጅነቴን አበላሹብኝ» ሲሉ እኔም እስቃለሁ፤ ልጅነት እንዲህ በቀላሉ አይበላሽም። መጨረሻ ግን ይወሰዳል።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ሁለተኛውን ክፍል የሠራው ጄምስ ካሜሮን የልጅቷን መሞት በአደባባይ ነቅፏል። በ2019 ግን ካሜሮን በፕሮዲውሰርነት በተመለሰበት የ«ተርሚኔተር» ክፍል፣ ሁለት ፊልም ሙሉ ሲጠበቅ የኖረው ልጅ ጆን ኮነር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ተገደለ። ያን የሚያህል ሰው እንኳ ከዚህ አላመለጠም። አዲስ ታሪክ ለመጀመር ባዶ መሬት ያስፈልጋል፤ ባዶ መሬት ለማግኘት ደግሞ ቀላሉ መንገድ የቆመውን ቤት ማፍረስ ነው።

የ«ስታር ዋርስ»ም ቅሬታዬ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1983 ክፉው መንግሥት ወድቆ ጫካ ውስጥ እሳት አንድደው ሲጨፍሩ ትተናቸው ሄድን። በ2015 ስንመለስ በሌላ ስም ያው መንግሥት ቆሟል፤ ከጀግኖቹ ሁለቱ ተጋብተው ተለያይተዋል፤ ልጃቸው ለጠላት አድሯል። በመካከል የነበረው ሠላሳ ዓመት ደስታ አልተሰጠንም።

ታዲያ የነበረውን ሳያፈርስ የሚጀምር ተከታይ ክፍል አለ?

አለ፤ የምወዳቸውም እነዚያን ነው። ምስጢራቸው ካለፈው መጨረሻ ደስታውን ትተው ዕዳውን ማንሣታቸው ይመስለኛል።

«ቶፕ ገን» በ1986 ሲያልቅ ጀግናው ድል አድርጓል፤ ነገር ግን አብሮት የሚበረው ጓደኛው ሞቷል። ፊልሙ ያን ሞት በፍጥነት አልፎት ወደ ፌሽታው ሄዶ ነበር። በ2022 ሁለተኛው ክፍል የሟቹን ልጅ ይዞ መጣ። ልጁ አድጎ አብራሪ ሆኗል፤ የአባቱን ጢም አሳድጓል፤ ቂሙንም ይዟል። የቀደመው ድል አልተነካም፤ ያልተከፈለው ዕዳ ብቻ ተነሣ። በዚያው ፊልም ውስጥ የድሮው ተቀናቃኝ የሚመጣበት ትዕይንት አለ። ተዋናዩ ቫል ኪልመር በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ድምፁን አጥቶ ነበርና፣ ገጸ ባሕርዩም በሽተኛ ተደርጎ ቃላቱን በኮምፒውተር እየጻፈ ይመልሳል። ሲበቃው ብድግ ይልና በሻከረ ድምፅ ጥቂት ቃላት ያወጣል፤ ይተቃቀፋሉ። ስለ አውሮፕላን በተሠራ ፊልም ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ እኔ የማስታውሰው ከሁሉም እሱን ነው።

«ክሪድ»ም እንዲሁ ነው። በ1985 በ«ሮኪ» አራተኛ ክፍል ቦክሰኛው አፖሎ ክሪድ መድረክ ላይ ተመትቶ ሞተ። ያን ሞት ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ማንም በቅጡ አልቆዘመበትም። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር በ2015 አባቱን አይቶ የማያውቅ የአፖሎን ልጅ ፈጠረና ሮኪን አሠልጣኙ አደረገው።

«ብሌድ ራነር» ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። የ1982ቱ ፊልም ጀግናው ሰው ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚል ክርክር ትቶ ነበር የሄደው። የ2017ቱ ክፍል ከ35 ዓመት በኋላ ያንኑ ሰውዬ አርጅቶ አሳየንና ጥያቄውን ሳይመልስ አለፈ። ሲኒማ ቤት ብዙ አላተረፈም፤ እኔ ግን ባርኔጣዬን አነሣሁለት። ሌላ ቢሆን በመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ይመልሰው ነበር።

«ቶይ ስቶሪ»ን ወዴት እንደምመድበው ዛሬም አላውቅም። በ2010 ወጣቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ አሻንጉሊቶቹን አንድ በአንድ እየተሰናበተ ለትንሽ ልጅ አስረከበ፤ ከዚያ የተሻለ መጨረሻ አላየሁም። በ2019 አራተኛው መጣ። ኦስካር አገኘ፤ ሳቅኩበትም፤ ክፉ ፊልም አይደለም። ብቻ ማንም አልጠራውም ነበር።

ተዋናዮቹ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹም ሞተዋል። ይህስ እንዴት ይታያል?

እርጅናው አያስከፋኝም፤ መደበቁ እንጂ። ሃሪሰን ፎርድ የተወለደው በ1942 ነው፤ የ«ኢንዲያና ጆንስ» አምስተኛ ክፍል በ2023 ሲወጣ 80 ዓመቱ ነበር። የፊልሙ መግቢያ በኮምፒውተር ፊቱን ወደ ጎልማሳነቱ መልሶታል። ፊቱ በእርግጥ ወጣት ነው፤ ሲናገር ግን ድምፁ የአዛውንት ነው፤ ጆሮዬ ከዓይኔ ጋር ተጣላ። ከዚያ በኋላ ሸበቶው ሰውዬ ሸሚዙን አውልቆ በቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ሲመጣ «ተመስገን፣ እሱ መጣ» አልኩ።

የሞቱትን በተመለከተ ጉዳዩ ይከብዳል። ፒተር ኩሺንግ በ1994 ሞቶ በ2016 በወጣ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ውስጥ በኮምፒውተር ተሠርቶ ትእዛዝ ሲሰጥ ታየ። ኬሪ ፊሸር በታኅሣሥ 2016 ካረፈች በኋላ በ2019ኙ ክፍል ከቀድሞ ፊልም የተረፉ ምስሎቿን ቀጣጥለው አስገቧት፤ ሌሎቹ ተዋናዮች ባለፈ ንግግሯ ዙሪያ አዲስ ንግግር ሲገነቡ ይታያል። ልብ ይነካል፤ ስፌቱም ይታያል። የአሜሪካ ተዋናዮች በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ሲያቆሙ ከተከራከሩባቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፦ የሰው ፊትና ድምፅ ያለ ፈቃዱ በኮምፒውተር እንዳይሠራ።

ከሁሉም የተሻለ ያከበረው የ«ብላክ ፓንተር» ሁለተኛ ክፍል ነው። ንጉሡን የተወነው ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2020 ካረፈ በኋላ ቦታውን ለሌላ ተዋናይ አልሰጡም፤ በኮምፒውተርም አልሠሩትም። የ2022ቱ ፊልም በንጉሡ ሞት ጀምሮ ወደ ቀብሩ ይሄዳል። የድርጅቱ ዓርማ ሲታይ የተለመደው ሙዚቃ የለም፤ የእሱ ምስሎች ብቻ በጸጥታ ያልፋሉ። እኔ ባየሁበት አዳራሽ ማንም አልሳለም።

ሃያስያኑ ያደንቁታል፣ ተመልካቹ ይሰድበዋል። ማንን ልመን?

መጀመሪያ ቁጥሮቹ ምን እንደሚለኩ ይወቁ። የሃያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ የሚያዩት መቶኛ ፊልሙ ያገኘው ነጥብ አይደለም፤ ከሃያስያኑ ውስጥ «ጥሩ ነው» ያሉት ስንት በመቶ እንደሆኑ ነው። ሁሉም ከ10 ስድስት ቢሰጡት 100 በመቶ ሊያገኝ ይችላል። ሲኒማስኮር ደግሞ ፊልሙ በተከፈተበት ምሽት ከአዳራሹ የሚወጡትን ጠይቆ በፊደል ውጤት ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ምሽት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የወደደ ነው።

በ2017 የ«ስታር ዋርስ» ስምንተኛ ክፍል ሲወጣ የሃያስያኑ መቶኛ 90 አካባቢ ነበር፤ ሲኒማስኮር ላይ ኤ አገኘ፤ በድረ ገጽ ላይ የተመልካቾች ድምፅ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የጠየቁት የተለያየ ሰው ነው። ሮተን ቶሜቶስ በ2019 ፊልም ሳይወጣ በፊት ተመልካች አስተያየት እንዳይሰጥ ዘግቷል፤ ሳያዩ የሚፈርዱ በዝተው ነበርና። እኔ የማደርገው አንድ ሁለት ሃያስያንን መርጦ ለዓመታት መከታተል ነው። ሁልጊዜ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሃያሲ እንኳ ይጠቅመኛል፤ እሱ ካጣጣለው ቲኬት እቆርጣለሁ።

ጊዜ ሲያልፍ ሐሳቤ ይቀየር ይሆን?

ሊሆን ይችላል። የ1980ው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል ዛሬ ከሁሉ የላቀ ነው ቢባልም ያን ጊዜ ያልጣማቸው ሃያስያን ነበሩ። «ብሌድ ራነር» ራሱ በ1982 አልተሳካለትም። በ1999 እና በተከታዮቹ ዓመታት የወጡት የ«ስታር ዋርስ» ቅድመ ታሪኮች የትልልቆቹ መሳለቂያ ሆነው ነበር፤ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ የነበሩት አድገው «የእኛ ናቸው» ብለው ቆሙላቸው። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላም የ«ዘ ጎድፋዘር»ን ሦስተኛ ክፍል ከ30 ዓመት በኋላ በ2020 እንደገና አርትዖ አሳጥሮ አወጣው፤ ሠሪው ራሱ ሐሳቡን ከቀየረ እኛ ለምን አንቀይርም?

አንድ ምክር፦ አዲሱን ክፍል ሁለት ጊዜ ይዩት። በመጀመሪያው ጊዜ የጠበቁትን ሲፈልጉ ያመሻሉ። በሁለተኛው ጊዜ ያለውን ያያሉ። የእኔ ቅሬታ ለሰባተኛው «ስታር ዋርስ» በሁለተኛው ጊዜ ቀንሷል፤ በ1992ቱ «ኤሊየን» ላይ ግን አራት ጊዜ አይቼውም እንደተኮሳተርኩ ነኝ።

ጓደኛዬ ወደደው፤ እኔ ጠላሁት። ክርክሩ ወደ ጠብ እየሄደ ነው።

ስለ ፊልሙ ይጨቃጨቁ፤ ከፊልም ደስታው አንዱ ይኸው ነው። ወሰኑ ሰው ነው። ኬሊ ማሪ ትራን በ«ስታር ዋርስ» ስምንተኛ ክፍል ስለተወነች ብቻ ለወራት ስድብ ወርዶባት በ2018 ከማኅበራዊ መገናኛ ገጿ የለጠፈችውን ሁሉ አጥፍታ ወጣች። የፊልሙን ድርሰት የጻፈችው እሷ አይደለችም፤ ብትሆንስ?

ለልጄ በየትኛው ቅደም ተከተል ላሳየው?

በወጡበት ቅደም ተከተል። በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ካሳዩት ቅድመ ታሪኮቹ የኋለኛውን ምስጢር ሁሉ ያወጡበታል። በ1980ው የ«ስታር ዋርስ» ክፍል ያለው የአባትነት ምስጢር በቀረጻው ጊዜ እንዴት እንደተጠበቀ ያስቡ፦ ጥቁሩን ልብስ ለብሶ ጠላቱን ዳርዝ ቬደርን የሚተውነው ዴቪድ ፕራውስ እንኳ የተሰጠው ንግግር ሌላ ነበር፤ እውነተኛው በኋላ በድምፅ ገባ። ይህን ያህል የተደከመበትን ነገር ልጅዎ ከአራት ሰዓት በፊት አውቆት ቢቀመጥ ያሳዝናል። እኔ ሳሳይ ከሦስተኛው ፊልም በኋላ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ፤ «ከዚህ በኋላም አለ፤ ከፈለግህ» እላለሁ። ልጆች ሁልጊዜ ይፈልጋሉ።

አዲሱን ክፍል ጭራሽ ባላየውስ?

ምንም አይሆኑም። ከማውቃቸው ሰዎች አንዷ ለእሷ «ኤሊየን» ሁለት ፊልም ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛው ሲነሣ ከክፍሉ ወጥታ ትሄዳለች፤ ልጅቷ በእሷ ቤት እስካሁን ተኝታለች።

የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር እስኪያልቅ መቆየት አለብኝ? ተጨማሪ ትዕይንት ይኖር ይሆን?

የማርቭል ፊልሞች ከ2008ቱ «አይረን ማን» ጀምሮ ይህን አስለምደውናል፤ ለቀጣዩ ክፍል ማስታወቂያ የምትሆን ቁራጭ ትዕይንት መጨረሻ ላይ ትመጣለች። በ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ሲያልቅም ብዙዎቻችን ይህን ጠብቀን ቁጭ ብለን ቀረን። ስሞቹ አለቁ፤ ምንም ምስል አልመጣም። በጨለማው ውስጥ ብረት ሲቀጠቀጥ ብቻ ይሰማል፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በ«አይረን ማን» ጀግናው ዋሻ ውስጥ የብረት ልብሱን ሲሠራ የነበረው ድምፅ ነው። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ይኸው ነው?» አለ። አባቱ ጃኬቱን ይዞ ተነሥቶ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ።